መንገዱ ገባ፣ መኪናው ቀረ

«ልጄ፣ መቼ ነው የምትወጡት?»

«አሁን ነው እማማ፤ ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረን።»

ከግማሽ ሰዓት በፊትም የቀሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ። በመካከሉ ሦስት ሰው ገብቷል፤ ሦስት ሰው ደግሞ ሰልችቶት ወርዷል። አየር ጤና መናኸሪያ ውስጥ ወደ ቡታጅራ በሚጭነው መኪና ፖርቶ መጋላ ላይ ሁለት የተጠቀለለ ስፖንጅ ፍራሽ፣ ጥቂት ቆርቆሮ፣ ባዶ ቢጫ ጀሪካኖችና አፉ በሲባጎ የተሰፋ ጆንያ ወጥቶ በገመድ ታስሯል። እማማ ከሾፌሩ ጀርባ ባለው ወንበር ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዘንቢላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ረዳቱ በሩን በአንድ እጁ ይዞ «ቡታጅራ! ቡታጅራ! የሞላ!» ይላል። ተራ አስከባሪው ከኋላ የቆመውን መኪና ሾፌር «ገና ነህ፣ ወደ ኋላ በል» እያለ ይጨቃጨቃል። ፀሐዩ በመስኮቱ መግባት ጀምሯል።

እማማ ቡታጅራ ድረስ አይሄዱም። ጢያን አለፍ ብሎ መገንጠያ ላይ ይወርዳሉ። ከመገንጠያው ወደ ቀበሌያቸው የጠጠር መንገድ ገብቷል፤ መኪና የሚገባበት ግን በገበያ ቀን ብቻ ነው። ዛሬ ገበያ አይደለም።

«ታዲያ ምን ያደርጋሉ?»

«በእግር ነዋ።»

«ምን ያህል ያስኬዳል?»

«ለእናንተ ሁለት ሰዓት። ለእኔ እንጃ።»

የገጠር ትራንስፖርት ችግር ሲነሣ ሁላችንም ቶሎ የምንጠራው መንገድ ነው። የእማማ ችግር ግን መንገድ አይደለም። መንገዱማ ተሠርቶላቸዋል፤ ግሬደር ሲገባም ቀበሌው ተሰብስቦ አይቷል። የቀረው በመንገዱ ላይ የሚሄደው ነገር ነው።

ይህን ለማየት ኮልፌ ቀራኒዮ ጥሩ ቦታ ነው። ክፍለ ከተማው የአዲስ አበባ የምዕራብ በር ነው፤ ከአየር ጤና በካራ ቆሬ አድርጎ፣ በዓለም ገናና በሰበታ በኩል የጅማው መንገድ ይወጣል፤ ዓለም ገና ላይ ደግሞ የቡታጅራው፣ የሆሳዕናው፣ የወላይታ ሶዶው መንገድ ይገነጠላል። የአገር አቋራጩ ትራንስፖርት ከመርካቶው አውቶቡስ ተራ ወደ ላምበረት፣ ቃሊቲ፣ አስኮና አየር ጤና ሲከፋፈል፣ የዚህ አቅጣጫ መንገደኛ ለአየር ጤና ደረሰ። አጠና ተራ የሚቆለለው ባሕር ዛፍ፣ በቅጠል የታሰረው ቆጮ፣ ቅቤው፣ ዶሮው በአብዛኛው ከእነዚህ መንገዶች ዳርና ዳር የመጣ ነው። ከዚህ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ጦር ኃይሎች ላይ ሲደርስ ይቆማል። በሌላው ወገን ደግሞ የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ ከሰበታ ይነሣል። ሁለት ባቡር ጎረቤቱ ሆኖ፣ መናኸሪያው ዛሬም የሚሠራው በ«የሞላ» ነው።

የዚህ በር ታሪክ ግን የመንግሥት ብቻ አይደለም። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች ከሱቃቸው፣ ከሊስትሮ ሣጥናቸው፣ ከደመወዛቸው አዋጥተው የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። የዓለም ገና–ወላሞ ሶዶ መንገድ ሥራ ድርጅት የሚባለው እንቅስቃሴ ከዚያ ዘመን የተወለደ ነው። ፈቃዱ ገዳሙ በፈረንጆች 1972 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጥናት ስለዚሁ ማኅበር ነበር። ሰዎቹ ገንዘባቸውን ያወጡት አስፋልት ናፍቋቸው አልነበረም፤ ለመስቀል አገራቸው መግባት፣ የታመመ ዘመድ ማምጣት፣ የሞተ መቅበር ፈልገው ነበር። በእነሱ ልብ መንገድና ጉዞ አንድ ነገር ነበሩ። መንገዱ ካለ መኪናው ራሱ ይመጣል ብለው አሰቡ፤ በዋናው መስመር ላይም አልተሳሳቱም። ሶዶ ድረስ፣ ጅማ ድረስ መኪና ሞልቶ ይሄዳል፤ ሞልቶም ይመለሳል።

ከዋናው መስመር ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል።

በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር በአገሪቱ የነበረው መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር። በ2007 ዓ.ም. ከ110 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ደረሰ። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም.፣ ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት የታቀደው ብቻ 71,523 ኪሎ ሜትር ነበር። «ዩራፕ» የተባለው ፕሮግራም ይህ ነው። ዕቅዱ በሙሉ አልተሳካም፤ የተሠራውም ቢሆን በክረምት ቦዩ ተደፍኖ፣ ድልድዩ ተሸርሽሮ የቆየ ብዙ ነው። የዓለም ባንክ በፈረንጆች 2016 ባወጣው ልኬት፣ በሁሉም ወቅት ከሚያስኬድ መንገድ በ2 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ የሚኖረው የኢትዮጵያ ገጠር ሕዝብ 21.6 በመቶ ነበር፤ የኬንያ 56።

መንገድ ሲገባ ሕይወት እንደሚሻሻል አከራካሪ አይደለም። ስቴፋን ዴርኮን፣ ጣሰው ወልደሃናና ሁለት ባልደረቦቻቸው በ15 የኢትዮጵያ መንደሮች ከ1994 እስከ 2004 (በፈረንጆች) የተሰበሰበ መረጃ መርምረው፣ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ያገኘ ቤተሰብ የድህነት መጠኑ በ6.9 መቶኛ ነጥብ እንደሚቀንስ፣ የፍጆታ ዕድገቱ በ16.3 በመቶ እንደሚጨምር በፈረንጆች 2009 አሳትመዋል። ይህን ቁጥር በየስብሰባው መስማት የተለመደ ነው። ብዙም የማይጠቀሰው ሌላ ጥናት አለ፤ ለእኔ ግን እሱ ይበልጣል። ባርት ሚንተን፣ ቤተልሔም ቆሩና ዴቪድ ስቲፈል በአማራ ክልል ሰሜን ምዕራብ፣ ገበሬ በአብዛኛው በእግርና በአህያ በሚሄድበት አካባቢ፣ ማዳበሪያ ከማከፋፈያው እስከ ገበሬው ደጅ ለመድረስ የሚያስወጣውን ተከታትለው መዘገቡ። ያገኙት ይህ ነው፤ ማዳበሪያው ከማከፋፈያው ተነሥቶ በእግር መንገድ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ የሚጨምረው ወጪ፣ ከወደብ ተነሥቶ በመኪና ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ሲመጣ ካስወጣው ጋር ይስተካከላል። ተሳቢ፣ ኬላ፣ ነዳጅ ሁሉ አንድ ላይ ተደምሮ ከአንዲት አህያ ጋር እኩል ሆነ። ጥፋቱ የአህያዋ አይደለም፤ አገራችን በዓለም ብዙ አህያ ካላቸው አገሮች ግንባር ቀደም ናት፤ ያለ እሷ ገጠሩ አንድ ቀን አያድርም።

መኪናው ታዲያ ለምን አይገባም? ሾፌሩ ክፉ ስለሆነ አይደለም።

የሕዝብ ማመላለሻ በአገራችን የሚከፈለው በሰው ነው። መንግሥት ታሪፍ ያወጣል፤ በኪሎ ሜትር፣ በተሽከርካሪው ደረጃ፣ አስፋልት ወይም ጠጠር መሆኑ ታይቶ። መኪናው የግል ነው፤ አንዳንዱ በብድር የተገዛ፣ አንዳንዱ ሾፌሩ በቀን ይህን ያህል አስገባለሁ ብሎ ከባለቤቱ የተረከበው። መናኸሪያው ስምሪት ይሰጣል፤ ተራ ይይዛል፤ ተራው የደረሰ እስኪሞላ ይቆማል። በዚህ ሥርዓት ባዶ ወንበር የሾፌሩ ዕዳ ነው፤ የጠበቀ ሰው ሰዓት ግን የማንም ዕዳ አይደለም። እማማ መኪናው ውስጥ የተቀመጡበትን ጊዜ ማንም አይከፍላቸውም፤ ስለዚህ ማንም አይቆጥረውም።

ሒሳቡን ለምሳሌ ያህል እንሥራው። 12 ሰው የሚጭን ሚኒባስ አለ እንበል። በአስፋልቱ መስመር ቶሎ ሞልቶ ይወጣል፤ ሲመለስም ይሞላል። በቀን አራት ምልልስ ቢሠራ 96 ሰው ጫነ ማለት ነው። ወደ ቀበሌው ግን ለመሙላት ሦስት ሰዓት ይቆማል፤ ሲመለስ አምስት ሰው ካገኘ ዕድለኛ ነው፤ ከቀኑም የሚተርፈው ለሁለት ምልልስ ብቻ ነው፤ 34 ሰው። በዚያ ላይ ጎማው በጠጠሩ ያልቃል፣ ባሌስትራው ይሰበራል፣ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ይመጣል። የጠጠር ታሪፍ ከአስፋልቱ ከፍ ቢል እንኳ ይህን ልዩነት አይሞላም። ስለዚህ ሾፌሩ ሦስት ነገር ያደርጋል፤ ወይ አይሄድም፣ ወይ በገበያ ቀን ብቻ ይሄዳል፣ ወይ ሲሄድ ትርፍ ይጭናል። ሦስቱንም ከተቆጣጣሪው ወንበር ስናያቸው ጥፋት ናቸው፤ ከመሪው ጀርባ ሆኖ ለሚያያቸው ግን ሒሳብ ናቸው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ቀስ በቀስ ሲነሣ ለሕዝብ ማመላለሻ ተለይቶ በቴሌብር የሚከፈል ድጎማ ተደረገ፤ ግን ድጎማው የሚያየው ሊትርን ነበር፤ መኪናው በየትኛው መስመር ላይ ቢሄድ ግድ አልነበረውም። ደጎምነው ያልነው ነዳጅ አብዛኛው ቀድሞም ሞልቶ በሚሄደው መስመር ላይ ይቃጠል ነበር።

የአሰፋፈራችንም ነገር አለ። በጉራጌ አገር ቤቶች ጀፎረ በሚባለው ሰፊ፣ ሣር የለበሰ የመንደር መንገድ ግራና ቀኝ ተደርድረው ይሠራሉ፤ እዚያ መኪና ቢቆም ሰው ከየበሩ ይወጣል። በሌላው ደጋ አብዛኛው ሰው ከእርሻው ዳር ለብቻው ነው የሚኖረው። በደርግ ጊዜ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ በመንደር ምሥረታ ሕዝቡን በግድ ሰብስቦ ለአገልግሎት ማመቻቸት ተሞክሮ ነበር፤ ደርግ ሲወድቅ አብዛኛው ሰው ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ትምህርቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ አገልግሎቱ ወደ ሰው ይሂድ እንጂ ሰው ወደ አገልግሎቱ አይነቀልም። ወደ ቆላው ከወረድን፣ ወደ አፋር፣ ወደ ሶማሌ፣ ወደ ቦረና፣ ወደ ደቡብ ኦሞ፣ በሁለት መንደር መካከል ያለው ርቀት ራሱ ሌላ ዓለም ነው፤ እዚያ ሕግ ቢከለክልም የሕዝብ ማመላለሻው የአይሱዙ ጭነት አናት ነው።

መኪና በማይገባበት አገር ሕዝቡ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ምጥ የጠናባትን ሴት ጎረምሶች ተቀባብለው በቃሬዛ መንገድ ያደርሳሉ። በብዙ ቦታ ይህ እንደ እድር በማኅበር የተያዘ ነው፤ ተራ አለው፣ ቀሪ ይቀጣል። በየጤና ጣቢያው የተሠራው የእናቶች ማቆያም የትራንስፖርት መፍትሔ ነው፤ መኪናዋ በሰዓቱ እንደማትመጣ ስለሚታወቅ እናትየዋ ቀድማ እንድትመጣ ይደረጋል። በቃሬዛው ሥርዓት አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሸክሙ ስለሞላ አይደለም የሚነሡት። ለአንድ ሰው ይነሣሉ። ወጪውን ማኅበሩ አስቀድሞ ተሸክሞታል።

ይህን አስተሳሰብ በሕግ የጻፈ አገር አለ። ስዊዘርላንድ ተራራማ ናት፤ መንደሮቿ በየሸለቆው የተበተኑ ናቸው። ፖስታ ቤቱ ደብዳቤና ሰው አብሮ ማመላለስ የጀመረው በፈረስ ዘመን ነው፤ በፈረንጆች 1906 በርን አካባቢ የመጀመሪያውን የሞተር አውቶቡስ መስመር ከፈተ። ዛሬ በአገሪቱ ደንብ ቢያንስ 100 ነዋሪ ያለው መንደር መንግሥት ከሚደግፈው የሕዝብ ትራንስፖርት የመገናኘት መብት አለው። አውቶቡሱ ሰዓቱ ሲደርስ ይወጣል፤ ሞላ አልሞላ። መንግሥትና ክፍለ ግዛቱ የሚከፍሉት ከትኬት የተገኘው ያልሸፈነውን ወጪ ነው። ስዊዘርላንድ ሀብታም ናት ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው። ኔዘርላንድስ ግን በፈረንጆች 1977 የጀመረችው የሰፈር አውቶቡስ ርካሽ ነው፤ ስምንት ሰው የምትጭን ትንሽ መኪና፣ ሾፌሮቹ የመንደሩ በጎ ፈቃደኞች፣ መኪናዋንና ነዳጁን የሚችለው ትራንስፖርት ድርጅቱ። እድር ላለው ሕዝብ ይህን ማስረዳት ብዙ ቃል አይፈጅም።

እኛ ዘንድ ከባዶ መጀመርም አያስፈልግም። መናኸሪያው አንድ ትልቅ መሣሪያ በእጁ አለ፤ ተራ። ማን በየትኛው መስመር፣ መቼ እንደሚጭን የሚወስነው ስምሪት ነው። በመስከረም መጀመሪያ ወደ አየር ጤና የሄደ ሰው ይህን መሣሪያ ሲሠራ ያየዋል። ኮልፌና መርካቶ የሚኖረው የጉራጌ ተወላጅ ለመስቀል ወደ አገሩ ሲተም፣ ሰልፉ ከመናኸሪያው አጥር ይወጣል፤ ከታሪፍ በላይ ይጠየቃል፤ ያኔ ተጨማሪ መኪና ከሌላ መስመር ተነሥቶ ይመደባል፤ ተቆጣጣሪው በር ላይ ይቆማል። ስለዚህ መኪናን ወደሚፈለግበት መስመር መላክ ይቻላል ማለት ነው። የሚደረገው ግን ሰው ሲበዛ ብቻ ነው። ሰው ሲያንስ የሚልክ የለም።

ስምሪቱን በግድ እናድርገው እያልኩ አይደለም። በደርግ ዘመን የጭነት መኪናው ሁሉ በቀጠና ታስሮ በትእዛዝ ይሄድ ነበር፤ ውጤቱ የመኪና ባለቤቱን ከሥራው ማስኮብለል ሆነ። የሚሻለው ወፍራሙን መስመር ከቀጭኑ ጋር ማሰር ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ሞላ አልሞላ ወደ ቀበሌው ገብቶ የወጣ ሾፌር፣ በቀሩት ቀናት በጅማው ወይም በወሊሶው መስመር ያለ ወረፋ ቀድሞ ይጫን። ከመንግሥት ካዝና አንድ ብር አይወጣም። አንበሳ አውቶቡስ ከመሀል ከተማው መስመር ሌላ፣ ከከተማው ወጥቶ ሰበታና ሆለታ ድረስ የሚሄድ መስመር ነበረው፤ አንድ ድርጅት ስለነበረ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ማዛወር ቀላል ነበር። የግል መኪኖች ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኪስ ናቸው። የጋራ የሆነው ብቸኛ ሀብታቸው ተራው ነው።

ሰዓት መወሰኑ ከሁሉ ይበልጣል ባይ ነኝ። ዛሬ የቀበሌው ሰው መኪና የማይጠብቀው እንደማይመጣ ስለሚያውቅ ነው፤ ሾፌሩ የማይመጣው ሰው እንደማይጠብቅ ስለሚያውቅ ነው። ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በእርግጥ እንደምትወጣ የታወቀች መኪና፣ በመጀመሪያው ወር አራት ሰው ትጭን ይሆናል። መምህሩ ደመወዙን ለመቀበል፣ ነፍሰ ጡሯ ለክትትል፣ ነጋዴዋ ለዕቃ ቀናቸውን በእሷ ማስላት እስኪጀምሩ ድረስ። ስልክም ሥራውን አቅልሎታል። መገንጠያ ላይ ሱቅ ያለው ሰው ለነገ ተሳፋሪ ስም ቢመዘግብ፣ ቀብድ በቴሌብር ቢቀበል፣ ሾፌሩ ማታ ላይ ስንት ሰው እንደሚጠብቀው አውቆ ያድራል፤ አምስት ከሆኑ ሚኒባሱ ቀርቶ ባጃጅ ይገባል። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ብዙ ሾፌሮች ከደንበኞቻቸው ጋር በራሳቸው ስልክ ይሠሩታል፤ መናኸሪያው ግን አያውቀውም።

የሚያስቸግረው ባለቤቱ ብዙ መሆኑ ነው። እማማ ከአየር ጤና ሲነሡ በአዲስ አበባ ናቸው፤ ዓለም ገና ሲደርሱ ኦሮሚያ፤ ጢያን ሲያልፉ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ። ክልል አቋራጩን መስመር አንዱ ይፈቅዳል፤ ከመገንጠያው ወደ ውስጥ ያለውን የወረዳው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ይይዘዋል። የጉዞው ሁለት ቁራጭ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ አያውቅም፤ ስለዚህ የቡታጅራው መኪና መገንጠያ ላይ በሚደርስበት ሰዓት የቀበሌው መኪና እንዲጠብቅ የሚያዝ የለም።

ተራው ለማይበቃባቸው፣ ለቆላዎቹ ረጃጅም መስመሮች፣ ግን ገንዘብ የግድ ያስፈልጋል። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ሲባል መልስ የሌለ ይመስላል። በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመውን የመንገድ ፈንድ ግን እንይ። በየሊትር ነዳጁ ላይ ከሚጣል ክፍያ ይሰበስባል፤ ሲከፋፈል 70 በመቶው ለፌዴራል መንገዶች፣ 20 በመቶው ለክልሎች የገጠር መንገዶች፣ 10 በመቶው ለከተሞች ነበር። ለጥገናና ለመንገድ ደኅንነት ብቻ እንዲውል ታስቦ ነው የተቋቋመው። ቦይ ለመጥረግ፣ ጠጠር ለመሙላት ይከፍላል፤ በዚያው መንገድ ላይ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሚሄድ መኪና ግን መክፈል አይችልም። የክልሎቹ ድርሻ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሮ፣ ወረዳው ከጥገናው ገንዘብ ጥቂቱን በኪሎ ሜትር ሒሳብ ለማመላለሻ ጨረታ እንዲያወጣበት መፍቀድ የአዋጅ ማሻሻያ እንጂ አዲስ ግብር አይጠይቅም። አሸናፊው ያቀረበው ዋጋ ከታሪፉ ገቢ ምን ያህል እንደሚበልጥ ሲታይ፣ የአንድ ቀበሌ አገልግሎት በዓመት ስንት እንደሚያስወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጥር ይታወቃል። ያኔ የወረዳው ምክር ቤት ያንን ቁጥር ከግሬደሩ ኪራይ ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ መከራከር ይችላል።